ፕሮፎርማችን ለምን ይመለሳል? ከብላክሊስት ወጥቶ ተመልሶ ላለመግባት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደብረ ብርሃን ላይ ከመንዝ ሱፍ ምንጣፍና ባና የምናመርት አነስተኛ ድርጅት ነን። ቢሮ ውስጥ የራሳችን የኢሜይል ሰርቨርና ቋሚ አይፒ አለን። ሰርቨሩን የተከለልን ልጅ አሁን አዲስ አበባ ገብቷል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ለሆቴሎችና ውጭ አገር ላለው ገዢያችን የምንልከው ፕሮፎርማ እየተመለሰ ነው። 550 5.7.1 ይላል፣ የስፓምሃውስ ስምም አለበት። ድረ ገጻቸው ላይ ገብቼ አስወጣሁት፤ በማግስቱ ተመልሶ ገባ። አንድ ሰው በገንዘብ ላስወጣላችሁ ብሎናል። መሐል ሜዳ ሱፍ የሚገዛልን ባልደረባችንም ከስልኩ መላክ አቅቶታል። የጨረታ ቀን ደርሶብናል። ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለዚያ ሰው ገንዘብ እንዳይከፍሉ። ስፓምሃውስ ስፓም (ያልተፈለገ የጅምላ ኢሜይል) የሚላክባቸውን አድራሻዎች በዝርዝር፣ ማለትም በብላክሊስት፣ የሚይዝ ድርጅት ነው፤ ከዝርዝሩ ለማስወጣት ምንም አያስከፍልም። እርስዎ በነፃ የተጫኑትን ቁልፍ ነው እሱም የሚጫነው። በማግስቱ ተመልሶ ሲገባም ስልኩን አያነሳልዎትም።

ከጻፉልኝ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ «በማግስቱ ተመልሶ ገባ» የሚለው ነው። ድሮ የተፈጸመ ጥፋት ቢሆን ኖሮ አንዴ ወጥቶ ይቀር ነበር። ተመልሶ መግባቱ እናንተ ጋ አንድ ነገር አሁንም እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ እሱ እስኪገኝ ድረስ የማስወጫውን ቁልፍ ዳግመኛ አይንኩት። ምክንያቱ ሳይጠፋ ደጋግሞ ማስወጣት በኋላ ጥያቄዎ ቶሎ እንዳይስተናገድ ሊያደርግ ይችላል።

የጨረታው ሰነድ ግን እስከዚያ መቆየት የለበትም። ለዛሬ በስልክዎ ዳታ፣ ከቢሮው ዋይፋይ ወጥተው፣ ከጂሜይል ወይም ከሌላ የታወቀ አገልግሎት አድራሻ ይላኩ። ከመላክዎ በፊት ለሆቴሉ ግዢ ክፍል ደውለው «ዛሬ ከዚህ አድራሻ ነው የምልከው» ይበሉ። ስልኩን ለጨዋነት ብቻ አይደለም የምመክረው። ፕሮፎርማው ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ፤ ከማያውቁት አድራሻ የመጣ የሒሳብ ቁጥር ደግሞ ገዢን ማስደንገጥ አለበት። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን የተመለሰውን ኢሜይል እንደገና ይክፈቱት። ብዙ ሰው እንግሊዝኛው ስለሚበዛበት ሳያነብ ያጠፋዋል፤ ግን መልሱ ያለው እዚያ ነው። 550 ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ 5 «በቃ፣ አልቀበልም፣ ደግመህ አትሞክር» ማለት ናት። በ4 ቢጀምር ኖሮ «ቆይተህ ሞክር» ማለት ስለሆነ ሰርቨሩ ራሱ ደጋግሞ ይልከው ነበር። ቀጥሎ ያለው 5.7.1 ላይ መካከለኛዋን 7 ይመልከቱ። 7 የደኅንነት ወይም የፖሊሲ ጉዳይ ነው። 5.1.1 ቢሆን አድራሻው የለም ማለት ነበር፤ ያኔ የተሳሳተ ፊደል ነው የምንፈልገው። የእናንተ 7 ስለሆነች ችግሩ አድራሻው ላይ አይደለም፤ ተቀባዩ ላኪውን አላመነም።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ የአይፒ ቁጥር (የኢንተርኔት መስመር መለያ) አለ። የማን ነው? ከቢሮው ኢንተርኔት ሆነው «የእኔ አይፒ ስንት ነው» ብለው ጎግል ላይ ይፈልጉና ያነጻጽሩት። አንድ ዓይነት ከሆኑ ችግሩ የቢሮው አይፒ ላይ ነው። በእናንተ ሁኔታ ይህ እንደሚሆን እገምታለሁ። በቁጥሩ ፈንታ የድርጅቱ ዶሜይን ስም (በኢሜይል አድራሻችሁ ከ@ ቀጥሎ ያለው) ከተጠቀሰ ግን መንገዱ ይለያል፦ አይፒውን ትታችሁ ድረ ገጻችሁ ተጠልፎ እንደሆነ ታያላችሁ። ያልታደሰ ዎርድፕረስና ያረጀ ፕለጊን ያለው ድረ ገጽ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ የማጭበርበሪያ ገጽ ተሸክሞ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አይፒውን ስፓምሃውስ መፈተሻ ላይ ሲያስገቡ የትኛው ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ይነግርዎታል። ስፓምሃውስ ዜን በሚባል አንድ ስም ሥር ብዙ ዝርዝሮችን አንድ ላይ ያቀርባል፤ ትርጉማቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ፒቢኤል ክስ አይደለም። «ይህ የተራ ተጠቃሚ መስመር ነው፣ ከዚህ በቀጥታ ኢሜይል አይላክም» የሚል ምደባ ነው። የቤት ኢንተርኔትና የሞባይል ዳታ አይፒዎች ብዙዎቹ እዚያ ናቸው፤ መኖራቸውም ትክክል ነው። ኤክስቢኤል ከዚህ ይለያል። በቫይረስ የተያዘ ወይም ሌሎች በድብቅ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ከዚህ አይፒ ጀርባ አለ ማለት ነው። ሲኤስኤስ ደግሞ የአላላክ ባሕሪው ከስፓም ላኪ ጋር የተመሳሰለውን ይይዛል፤ የተሰረቀ ፓስወርድም እዚህ ያደርሳል። ኤስቢኤል ከሁሉ ከባዱ ነው። ከእሱ ለመውጣት የሚጠይቀው የመስመሩ ባለቤት፣ ማለትም የኢንተርኔት አቅራቢው ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። በራስዎ እጅ አስወጥተው በማግስቱ ከተመለሰ ኤክስቢኤል ወይም ሲኤስኤስ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ልጁን ስልክ ደውለው ቢያገኙትና በዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞችን ወደ አይፒ በሚቀይረው ሥርዓት) ጥያቄ ልፈትሽ ቢል፣ እንደ 8.8.8.8 ባለ የሕዝብ ዲኤንኤስ በኩል እንዳይጠይቅ። ስፓምሃውስ በእነዚህ በኩል ለሚመጣ ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ 127.255.255.254 የሚል የስህተት ኮድ ይመልሳል። ይህን ኮድ «ታግደናል» ብለው የሚያነቡ ሰዎች አሉ። ትክክለኛው መልስ 127.0.0.4 ከሆነ ኤክስቢኤል ነው፣ 127.0.0.3 ከሆነ ሲኤስኤስ፣ 127.0.0.10 ወይም 11 ከሆነ ፒቢኤል።

ወደ ቢሮው እንምጣ። የእናንተ መስመር አንድ በር ያለው ግቢ ነው ብለው ያስቡት። ሰርቨሩ፣ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር፣ የመጋዘኑ ላፕቶፕ፣ የሠራተኛው ሁሉ ስልክ፣ የደኅንነት ካሜራው ሳጥን፣ ምናልባትም ዋይፋይ የምትሰጡት የጎን ሱቅ፣ ሁሉም በዚያው በር ነው የሚወጡት። ውጭ ያለ ሰው የሚያየው በሩን ብቻ ነው። ስለዚህ «ሰርቨራችን ንጹሕ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። የአንድ ጥበቃ ስልክ ላይ ያለ መጥፎ አፕ የሆቴሉን ፕሮፎርማ ያስቀራል።

ማን እንደሆነ ለማወቅ ጥሩ መነሻ ሰዓቱ ነው። ኤክስቢኤል ውስጥ ከሆናችሁ፣ መፈተሻው ገጽ ላይ መጥፎው እንቅስቃሴ መጨረሻ የታየበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው። ዩቲሲን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ለመለወጥ 3 ይደመራል፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመምጣት 6 ይቀነሳል። ሲጠቃለል ከተጻፈው ላይ 3 መቀነስ ብቻ ነው። 11:40 ከተባለ በእኛ ከቀኑ 8:40 ነው። 22:10 ከተባለ 19:10 ይሆናል፣ 12 ሲቀነስለት ከሌሊቱ 7:10። ይህችን ስሌት ትንሽ አድርገው አይዩአት። ከቀኑ 8:40 ላይ ከሆነ ሰዎች ሥራ ላይ እያሉ ነው፤ የሠራተኛ ኮምፒውተርና ስልክ ይጠረጠራል። ከሌሊቱ 7:10 ከሆነ ግን ቢሮው ተቆልፎ ነበር። ያን ሰዓት በርቶ የሚያድር ምንድን ነው? ሰርቨሩ፣ ካሜራው፣ ራውተሩ፣ ሳይጠፋ የቀረ ኮምፒውተር፣ የጥበቃው ስልክ። ተጠርጣሪው በአንዴ ከብዙ ወደ ጥቂት ይወርዳል። መብራት ጠፍቶ የነበረበትን ሌሊትም ያስታውሱ። መብራት በሌለበት ሰዓት ከታየ በባትሪ የሚሠራ ነገር ነው።

ሰዓቱን ይዘው የሰርቨሩን ሎግ (የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ይክፈቱ፣ ወይም ልጁ ከአዲስ አበባ ሆኖ ይክፈትልዎት። በዚያው ሰዓት ሰርቨሩ ምን እየላከ ነበር? መልሱ ሁለት መንገድ ይከፍታል።

ሎጉ ላይ የማታውቋቸው ተቀባዮች በብዛት ከተገኙ ስፓሙ በሰርቨራችሁ በኩል ነው የወጣው። ማለትም አንድ ሰው የአንዱን ሠራተኛ ፓስወርድ ይዟል። ሎጉ በማን ስም እንደገባ ይጽፋል። የሒሳብ ሠራተኛዋ በቀን ሠላሳ የማይሞላ ኢሜይል የምትልክ ከሆነችና በስሟ በሌሊት በሺህ የሚቆጠር ከወጣ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። እሷን ግን አይውቀሷት። ፓስወርዱ የተሰረቀው ምናልባት በሐሰተኛ የመግቢያ ገጽ ነው፤ ወይም ያንኑ ፓስወርድ ሌላ ቦታ ተጠቅማው እዚያ ሾልኮ ይሆናል። ሰው ሲደነግጥ ይደብቃል፣ ሲደብቅ ደግሞ እናንተ ትዘገያላችሁ።

ሎጉ በዚያ ሰዓት ዝም ካለ ሁለተኛው መንገድ ነው። አንድ መሣሪያ ሰርቨሩን ሳያማክር በቀጥታ እየወጣ ነው። ይህን የሚያሳየው ራውተሩ ነው።

ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሄደው በፖርት 25 ነው፤ ፖርት ለእያንዳንዱ የግንኙነት ዓይነት የተመደበ ቁጥር ነው። ቢሮ ውስጥ ይህን ፖርት ወደ ውጭ የመጠቀም ሥራ ያለው ሰርቨሩ ብቻ ነው። የሒሳብ ኮምፒውተርም ሆነ ስልክ ወደ ውጭ በ25 የሚልክበት ምክንያት የለም። እንግዲህ ራውተሩ ላይ ሁለት ሕግ ይጻፋል። የመጀመሪያው፦ የሰርቨሩ የውስጥ አይፒ ወደ ውጭ በ25 ይውጣ። ሁለተኛው፦ ከእሱ በቀር ማንም በ25 አይውጣ፤ የሞከረም ይመዝገብ። ማይክሮቲክ የሚባለው ራውተር ካላችሁ ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን እንዳይገለበጥ፤ ከልካዩ ከላይ ከሆነ ሰርቨሩም ይታገዳል።

ከዚያ አንድ ቀን ይጠብቁና መዝገቡን ያንብቡ። እንዲህ ያለ መስመር ይፈልጋሉ፦ 192.168.1.37 ወደ ብዙ የተለያዩ የውጭ አድራሻዎች፣ ፖርት 25፣ በየሰከንዱ። 37 ማን ነው? የራውተሩ የአይፒ ዝርዝር ላይ የመሣሪያው ስም ወይም ማክ አድራሻ (የመሣሪያው የራሱ መለያ ቁጥር) አለ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያልቀው። አንድ የዱቄት ወፍጮ ድርጅት ውስጥ እንዲህ ስንከታተል የተገኘው የመጋዘን ላፕቶፕ ነበር። ዊንዶውሱን ለማንቃት ተብሎ በፍላሽ የመጣ አክቲቬተር ተጭኖበታል። አክቲቬተሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ከጎኑ ግን ሌላ ይዞ ገብቷል። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ዋጋው እዚህ ነው የሚከፈለው።

25ን መዝጋት ግን ሁልጊዜ አይበቃም። ኤክስቢኤል አንድም ስፓም ሳይላክ ሊይዛችሁ ይችላል። የደኅንነት ባለሙያዎች የቫይረሶቹን ማዘዣ አድራሻዎች ተቆጣጥረው ማን እንደሚደውልላቸው ይመዘግባሉ። የተያዘው መሣሪያ «አለሁ፣ ምን ልሥራ» ብሎ ሲደውል አይፒያችሁ ይጻፋል። ይህ በ25 አይሄድም። ስለዚህ የራውተሩ መዝገብ ባዶ ሆኖ አይፒው ተመልሶ ከገባ ሦስት ነገሮችን ይጠርጥሩ።

የመጀመሪያው ነፃ ቪፒኤን ነው። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ተገድቦ በነበረባቸው ወራት ያልጫነ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቹም ከዚያ በኋላ አላጠፉትም። ከነፃዎቹ አንዳንዶቹ የእናንተን መስመር ለሌላ ሰው ያከራያሉ፤ እናንተ በሌላ አገር በኩል ስትወጡ ሌላው ደግሞ በእናንተ በኩል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ያፈረሰው 911 ኤስ5 የሚባል መረብ ከ19 ሚሊዮን በላይ አይፒዎችን የሰበሰበው በዚሁ መንገድ ነበር፤ በነፃ ቪፒኤን ውስጥ ተደብቆ። ሁለተኛው ስሙ የማይታወቅ የአንድሮይድ ቲቪ ሳጥን ነው። ካርቶኑ ሳይከፈት ቫይረስ ይዘው የሚመጡ መኖራቸው በጥናት ተረጋግጧል። ሦስተኛው የካሜራ መቅጃው ነው። የፋብሪካ ፓስወርዱ ካልተቀየረና ከውጭ በስልክ እንዲታይ ተብሎ ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ፣ ከእናንተ ሌላም ሰው ያየዋል።

ራውተራችሁ ተራ ከሆነና መዝገብ ካልያዘ ሌላ ዘዴ አለ፤ እንዲያውም እኔ የምወደው ይህን ነው። ቋሚውን አይፒ ለሰርቨሩ ብቻ ይተዉት። ሠራተኛውን ሁሉ፣ ካሜራውንም፣ እንግዳውንም በሌላ መስመር ያውጧቸው። አንድ ተጨማሪ የ4ጂ ራውተር ይበቃል። ሰርቨሩ ንጹሕ ከሆነ ያ አይፒ ዳግመኛ አይገባም። ቫይረሱ ግን አልጠፋም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ፋታ ያገኛሉ፤ በፋታው ማሽኖቹን ያጽዱ።

ማጽዳቱን በአጭሩ ልበል። ዊንዶውስ 10ና 11 ውስጥ ያለው ዲፌንደር ኮምፒውተሩ ከመነሳቱ በፊት የሚፈትሽበት የኦፍላይን ስካን አለው፣ በነፃ። ከእሱ ይጀምሩ። ክራክ የተጫነበትን ማሽን ግን አያስታምሙት፤ ሰነዱን አውጥተው ዊንዶውሱን ከባዶ ይጫኑት። ዊንዶውስ 7 ካለ የማይክሮሶፍት ድጋፉ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፣ ዊንዶውስ 10ም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። እነዚህን ቢያንስ ከሒሳብ ሥራ ያርቋቸው።

አሁን ወደ ባንክ ሒሳቡ ልመለስ፤ ከብላክሊስቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሎጉ ላይ የተሰረቀ ፓስወርድ ካገኛችሁ ሌባው ስፓም ብቻ ልኮ ላይሄድ ይችላል። የኢሜይል ሳጥኑን ያነባል። ገዢው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍል ያውቃል። ከዚያ በእናንተው ስም «የሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» ብሎ ይጽፋል። ገዢው ይከፍላል፣ እናንተ ምንጣፉን ትልካላችሁ፣ ብሩ ግን የለም። ስለዚህ ፓስወርድ ብቻ ቀይረው አይቀመጡ። ሳጥኑ ውስጥ ገብተው ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ ወደማታውቁት አድራሻ ኢሜይል የሚያስተላልፍ ሕግ። ሁለተኛ፣ «ክፍያ» ወይም «ባንክ» የሚል ቃል ያለበትን ኢሜይል ወደ ሌላ ፎልደር የሚወስድ ወይም የሚሰርዝ ሕግ። ሌባ እነዚህን ትቶ ነው የሚሄደው፤ ፓስወርዱ ቢቀየርም ሕጉ መሥራቱን ይቀጥላል። ቀጥለው ለእያንዳንዱ ገዢ ስልክ ይደውሉ። በኢሜይል አይንገሩ፣ ይደውሉ። «የሒሳብ ቁጥራችን ያው ነው፤ ተቀየረ የሚል ከመጣ ሳትደውሉልን አትክፈሉ» ይበሉ። ውጭ አገር ላለውም ጭምር። ይህን ዛሬውኑ ያድርጉት።

ምክንያቱ ተገኝቶ ከተወገደ በኋላ፣ መዝገቡ አንድ ሁለት ቀን ጸጥ ካለ፣ አሁን የማስወጫውን ቁልፍ ይጫኑ። ምን እንዳገኛችሁና ምን እንዳደረጋችሁ በግልጽ ይጻፉ። ሐተታ አያስፈልግም፦ «የተያዘ ላፕቶፕ ተገኝቶ ተወግዷል፤ ፖርት 25 ከሰርቨሩ በቀር ተዘግቷል» ይበቃል። ከወጣ በኋላ ዜናው ለሁሉም ሰርቨር እስኪደርስ ጥቂት ሰዓት ይታገሡ።

ሌሎች ዝርዝሮች ላይም ስማችሁ ሊኖር ይችላል። ስፓምኮፕ አዲስ ክስ ካልመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱ ያወጣል። ዩሲኢፕሮቴክት የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃው በ7 ቀን ራሱ ይለቃል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃው ደግሞ የአቅራቢውን ሰፊ የአይፒ ክልል በጅምላ ስለሚመዘግብ እናንተ ልታስተካክሉት የምትችሉት ነገር አይደለም። ቶሎ ለመውጣት ክፍያ የሚያቀርበውም ይኸው ነው። አይክፈሉ። ትልልቆቹ ተቀባዮች በእሱ አይመሩም። ማይክሮሶፍት ግን የራሱ ዝርዝር አለው። ሆቴሉ የማይክሮሶፍት ኢሜይል ከተጠቀመና የተመለሰው ኮድ 5.7.606 አካባቢ ከሆነ፣ የስፓምሃውሱ መውጣት አይረዳዎትም። እዚያው መልእክት ውስጥ ባለው የማይክሮሶፍት ማስወጫ ገጽ በተለይ ይጠይቃሉ።

ቀጥሎ መታወቂያው። ብዙ የቢሮ ሰርቨር ባይታገድም የሚጠረጠረው ይህ ስለሚጎድለው ነው። የመጀመሪያው ፒቲአር ነው። አይፒያችሁ ሲጠየቅ የሰርቨራችሁን ስም መመለስ አለበት፣ ስሙም ሲጠየቅ ያንኑ አይፒ። ጂሜይል ይህን ይፈልጋል። ይህን መዝገብ የሚያስገባው የዶሜይኑ ሻጭ ሳይሆን የአይፒው ባለቤት ነው፤ ማለትም መስመሩን የሰጣችሁ ድርጅት፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም። በቃል ጠይቆ መመለስ ያደክማል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጻፉ፤ አይፒውን፣ እንዲመለስ የምትፈልጉትን ሙሉ የሰርቨር ስም፣ ስሙም አስቀድሞ ወደዚሁ አይፒ እንደሚያመለክት በደብዳቤው ይግለጹ። መስኮት ላይ ያለው ሰው ባያውቀው እንኳ ደብዳቤው ወደሚያውቀው ክፍል ይሄዳል።

ሁለተኛው ኤስፒኤፍ ነው፤ በዶሜይናችሁ ስም መላክ የሚችለው ማን እንደሆነ የሚናገር መዝገብ። በብዛት የማየው ጥፋት ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገብ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አንዱን የድሮው ልጅ አስገባው፣ ሌላውን አዲሱ። ሁለት ከሆነ ሁለቱም አይሠሩም፤ ወደ አንድ ይቀላቀሉ። ሦስተኛው ዲኪም ነው፤ ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ኢሜይል ላይ የሚያኖረው ፊርማ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ወዲህ ጂሜይልና ያሁ ከእነዚህ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የሌለውን ላኪ አይታገሡም፤ በጅምላ ለሚልክ (በጂሜይል መለኪያ በቀን 5 ሺህና ከዚያ በላይ) ደግሞ ሁለቱንም፣ ዲማርክንም (ፈተናውን ያላለፈ ኢሜይል ምን ይደረግበት የሚል መመሪያ) ጨምረው ይጠይቃሉ። እናንተ ያን ያህል አትልኩም። ቢሆንም ሁለቱንም ይሥሩ። ዲማርክንም «እርምጃ አትውሰዱ፣ ሪፖርት ብቻ ላኩልኝ» በሚለው ደረጃ ይጀምሩት። ሪፖርቱ በስማችሁ ማን እንደሚልክ ያሳያችኋል።

የመሐል ሜዳው ባልደረባችሁ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፣ ቀላልም ነው። እሱ በሞባይል ዳታ ነው የሚልከው። የሞባይል አይፒ ፒቢኤል ውስጥ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ ማስወጣት አያስፈልግም። መጀመሪያ ስልኩ ላይ የመላኪያ ፖርቱን ይዩ። 25 ከሆነ ወደ 587 ወይም 465 ይቀይሩትና በፓስወርድ እንዲገባ ያድርጉ። ቀጥሎ ሰርቨራችሁ የገባውን ሰው ሳይለይ ሁሉንም በፒቢኤል የሚፈትሽ ከሆነ ልጁ ያስተካክለው፤ በፓስወርድ ራሱን ያሳወቀ የራስ ሰው በዚህ ዝርዝር መፈተሽ የለበትም። ለኤክስቢኤልም እንዲሁ ነው። ሱፍ ገዢው ዛሬ ሞላሌ፣ ነገ መሐል ሜዳ ነው፤ አይፒው በየጊዜው ይቀያየራል፣ ሌላ ሰው ያቆሸሸውንም ይወርሳል።

የቀረው ሰርቨሩን ማቆየት ወይስ መተው ነው። ሐሳቤን ልንገርዎት። የእናንተን ያህል ድርጅት ቢሮ ውስጥ የኢሜይል ሰርቨር ማኖር የለበትም። ልጁ ጥፋት አላጠፋም፤ ሲተክለው ሠርቷል። ግን ሎጉን በየሳምንቱ የሚያይ፣ የሚያድስ፣ መብራት ሲሄድ በጀነሬተር መሥራቱን የሚከታተል ሰው ቢሮው ውስጥ የለም። ዶሜይናችሁን እንዳለ ይዛችሁ ሳጥኖቹን ወደ አንድ የታወቀ የኢሜይል አገልግሎት ውሰዱ። አድራሻችሁ አይቀየርም፣ ገዢውም ልዩነቱን አያውቀውም። ከዚያ በኋላ የምትልኩት በእነሱ አይፒ ስለሚወጣ የቢሮው መስመር ቢቆሽሽም ፕሮፎርማው ይደርሳል። ለአሁኑ ማዛወር ካልቻላችሁ ሰርቨሩ ወደ ውጭ የሚልከውን ብቻ በእንዲህ ያለ አገልግሎት በኩል በፖርት 587 ማሳለፍ ይቻላል። ሁለቱንም ግን ከጽዳቱ በፊት አታድርጉ። የተሰረቀው ፓስወርድ እንዳለ ወደ አዲሱ ቤት ከገባ አዲሱም በሁለት ቀን ይዘጋባችኋል።

ብታዛውሩም ራውተሩ ላይ የጻፋችሁትን የፖርት 25 ክልከላ አታንሱት። ያኔ ቢሮ ውስጥ ሰርቨር ስለማይኖር የፈቃዱን መስመር ሰርዛችሁ ለሁሉም ዝጉት። መዝገቡ ላይ አንድ ቀን አዲስ ቁጥር ብቅ ካለ የትኛው ማሽን እንደታመመ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ተመልሶ ቢገባባችሁ ደግሞ የተመለሰውን ኢሜይል ሙሉ ጽሑፍ፣ የዝርዝሩን ስምና በዩቲሲ የተጻፈውን ሰዓት ይላኩልኝ። ፓስወርድ ግን ለእኔም ቢሆን እንዳይልኩ።